ሰያፍ ብርሃን በማይክሮስኮፕ ሥር

በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ጎልቶ እንዲለይ ከማጉላት ሌላ ኮንትራስት ያስፈልገዋል፤ ማለትም ነገሩን ከዙሪያው የሚለየው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት። ማጉላት ብቻውን አይበቃም። በውሃ ጠብታ ውስጥ ያለ ቀለም የለሽ ሕዋስ መቶ ጊዜም ይጉላ አራት መቶ ጊዜ፣ ከውሃው የሚለይበት ምልክት ከሌለው ተመልካቹ የሚያየው ባዶ ብሩህ መስክ ብቻ ነው። ሰያፍ ብርሃን ይህን ችግር ከሚያቃልሉት ዘዴዎች መካከል ቀላሉና ርካሹ ነው፤ ከቀደምቶቹም አንዱ ነው። ብርሃኑ በናሙናው ውስጥ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ በማለፍ ፈንታ ከአንድ ወገን ብቻ ዘንበል ብሎ እንዲመጣ ይደረጋል። ያኔ ቀድሞ ያልታየው ጠርዝ፣ እጥፋትና ቅንጣት አንድ ጎኑ በርቶ ሌላው ጠቁሮ ብቅ ይላል።

ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ለምን ይሰወራል

የሰው ዓይን የሚለየው የብርሃንን መጠንና ቀለምን ነው። አንድ ናሙና ከሚያልፍበት ብርሃን የተወሰነውን ካስቀረ ጨለም ብሎ ወይም ቀለም ይዞ ይታያል። በጤና ተቋማት ለወባ ምርመራ የሚዘጋጀው የደም ስላይድ በጊምሳ የሚቀለመው ለዚሁ ነው፤ የጥገኛው ኒውክሊየስ ቀላ፣ ሳይቶፕላዝሙ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ከቀይ የደም ሕዋሱ ይለያል። ያልተቀለመ ሕያው ሕዋስ ግን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ ብርሃኑን ከሞላ ጎደል ሳይቀንስ ያሳልፈዋል።

ይህ ማለት ግን ሕዋሱ በብርሃኑ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ብርሃን በተለያዩ ነገሮች ውስጥ በተለያየ ፍጥነት ይጓዛል፤ ይህን የሚገልጸው ቁጥር የስብረት መለኪያ ነው። የአየር 1 ገደማ፣ የውሃ 1.33፣ የስላይድ መስታወት 1.52 ያህል ሲሆን፣ የሕዋስ ሳይቶፕላዝም አብዛኛውን ጊዜ ከ1.36 እስከ 1.39 ባለው መካከል ይገኛል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ይዘገያል። ለምሳሌ ውፍረቱ 5 ማይክሮሜትር የሆነና የስብረት መለኪያው ከውሃ በ0.03 የሚበልጥ ሕዋስ ቢኖር፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለፈው ብርሃን በአጠገቡ በውሃ ብቻ ካለፈው በ150 ናኖሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር አካባቢ በመሆኑ መዘግየቱ ከአንድ ሞገድ ሩብ ይበልጣል። ስለ ሕዋሱ ቅርጽና ውፍረት የሚናገረው መረጃ በብርሃኑ ውስጥ አለ፤ ዓይንም ሆነ ካሜራ ግን የሞገድን መዘግየት በቀጥታ መለየት አይችሉም። መዘግየቱ በሆነ መንገድ ወደ ብርሃንና ጨለማ መለወጥ አለበት።

ለዚህ ችግር ሁለት የተለመዱ መፍትሔዎች አሉ፤ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። አንደኛው ናሙናውን ማቅለም ነው። አብዛኞቹ የማቅለሚያ አሠራሮች ሕዋሱን አስቀድሞ ማድረቅ ወይም በኬሚካል ማጽናት ስለሚጠይቁ፣ የሚዋኝ ወይም የሚከፋፈል ሕዋስን እንቅስቃሴ ለመከታተል አያገለግሉም። ሁለተኛው ከናሙናው ሥር ብርሃኑን በሚሰበስበው ሌንስ፣ በኮንደንሰሩ፣ ላይ ያለውን ዲያፍራም የተባለ የሚሰፋና የሚጠብ ክፍተት ማጥበብ ነው። በየላቦራቶሪው ያልተቀለመ የሰገራ ወይም የሽንት ናሙና ሲታይ ባለሙያው ዲያፍራሙን የሚያጠብበው፣ አንዳንዴም ኮንደንሰሩን ወደ ታች ዝቅ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ጠርዞች እውነትም ይጎላሉ። ነገር ግን ማይክሮስኮፑ ተቀራራቢ ነጥቦችን የመለየት አቅሙ ይቀንሳል፤ በየጠርዙ ዙሪያም በናሙናው ላይ የሌሉ ጥቁርና ነጭ ቀለበቶች ይፈጠራሉ። ሰያፍ ብርሃን ከዚህ የሚለየው ኮንትራስቱን የሚያመጣው የብርሃኑን አቅጣጫ በመምረጥ በመሆኑ ነው፤ ሌንሱ ጥቃቅን ነገሮችን የመለየት አቅሙን በዚያ አቅጣጫ እንደያዘ ይቆያል።

የብርሃኑ መንገድ

የሰያፍ ብርሃንን አሠራር ለመረዳት የተለመደውን የማይክሮስኮፕ የብርሃን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ብርሃኑ ከእግረ መቀመጫው ካለው አምፖል ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስላይዱ ከሚቀመጥበት ስቴጅ ሥር ባለው ኮንደንሰር አማካይነት ተሰብስቦ ናሙናውን ያቋርጣል፤ ከዚያ ለናሙናው ቅርብ ወደሆነው ሌንስ፣ ወደ ኦብጀክቲቩ፣ ይገባል፤ በመጨረሻም በዓይን ሌንሱ በኩል ለተመልካቹ ይደርሳል። ከኮንደንሰሩ በታች ያለው ዲያፍራም ብርሃኑ ናሙናውን በምን ያህል ስፋት ባለው ሾጣጣ እንደሚመታ ይወስናል።

እያንዳንዱ ኦብጀክቲቭ ምን ያህል ዘንበል ያለ ብርሃን መቀበል እንደሚችል በጎኑ ላይ ተጽፏል። ከማጉያው ቁጥር ቀጥሎ የሚገኘው አኃዝ ኒውሜሪካል አፐርቸር ይባላል። በተለመዱ ማይክሮስኮፖች ላይ የ10 ኦብጀክቲቭ 0.25፣ የ40 ኦብጀክቲቭ 0.65፣ በዘይት የሚሠራው የ100 ኦብጀክቲቭ ደግሞ 1.25 ይጻፍበታል። በአየር ውስጥ 0.25 ማለት ሌንሱ ከመካከለኛው መስመር እስከ 14 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያዘነበለ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው፤ 0.65 ደግሞ እስከ 40 ዲግሪ ገደማ። ከዚህ በላይ ያዘነበለ ጨረር ከኦብጀክቲቩ ውጭ ያልፋል፤ ለምስሉ አይደርስም።

በዚህ ወሰን ላይ በመመሥረት ማብራት በሦስት ይከፈላል። ብርሃኑ ከመሃል ዙሪያውን በእኩል ሲመጣ የተለመደው ብሩህ መስክ ይሆናል። ከኦብጀክቲቩ ወሰን ውጭ ባለ ማዕዘን ብቻ ሲመጣ፣ ቀጥተኛው ብርሃን ሌንሱን ስለሚስተው መስኩ ይጨልማል፤ ናሙናው የበተነው ብርሃን ብቻ ይታያል፤ ይህ ጨለማ መስክ ነው። በወሰኑ ጠርዝ ላይ፣ ግን በውስጡ ሆኖ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ደግሞ ሰያፍ ብርሃን ይባላል።

ተዳፋቱ ብርሃን የሚሆንበት አሠራር

ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ በታረሰ ማሳ ላይ ስታበራ በቀትር ያልታየው ትልም ሁሉ ጥላ እየጣለ ይለያል። በሰያፍ ብርሃን የሚገኘው ምስልም ሲያዩት ይህንኑ ይመስላል፤ የሚፈጠረው ግን በሌላ መንገድ ነው። ትልሙ ጥላ የሚጥለው ብርሃን ስለሚከለክል ሲሆን፣ ሕዋስ ግን ብርሃን አይከለክልም፤ ያጥፈዋል።

የሕዋሱ ጠርዝ እየሳሳ የሚሄድ ተዳፋት ነው። በተዳፋት ላይ ያለፈ ጨረር እንደ ፕሪዝም ወደ ወፍራሙ ወገን ትንሽ ይታጠፋል። ብርሃኑ ከመሃል ቀጥ ብሎ ሲመጣ ይህ ትንሽ መታጠፍ ምንም አያመጣም፤ ጨረሩ ወደ ግራም ይታጠፍ ወደ ቀኝ አሁንም በሰፊው የኦብጀክቲቭ አፍ ውስጥ ይገባል። አስቀድሞ በኦብጀክቲቩ ጠርዝ ላይ እንዲያልፍ የተደረገ ጨረር ግን ትንሿ መታጠፍ ዕድሉን ትወስናለች። አንደኛው ተዳፋት ጨረሩን ወደ ውስጥ ሲያጥፈው ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ያ ጎን ይበራል። ተቃራኒው ተዳፋት ወደ ውጭ ሲያጥፈው ከፊሉ ሌንሱን ይስታል፤ ያ ጎን ይጠቁራል። ተዳፋት የሌለው ጠፍጣፋ ክፍልና ባዶው ውሃ ደግሞ በመካከለኛ ግራጫ ይቀራሉ። አንድ ጎን ብሩህ፣ ሌላው ጥቁር፣ ዙሪያው ግራጫ በመሆኑም አእምሮ ምስሉን ከፍታና ዝቅታ እንዳለው ቅርጽ አድርጎ ያነበዋል።

በዚህ ምክንያት ምስሉ የሚያሳየው የገጽ ከፍታን ሳይሆን ብርሃኑ የተጓዘበት መንገድ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደተለወጠ ነው። ለውጡ ከውፍረትም ከስብረት መለኪያም ሊመጣ ይችላል። ይህን በግልጽ ለማየት አንድ ጠብታ ውሃ ላይ ትንሽ የምግብ ዘይት መትቶ ከቨር ስሊፕ በተባለው ቀጭን መስታወት መሸፈን ይበቃል። በስላይዱ ላይ የዘይት ጠብታዎችና የአየር አረፋዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ቀለም የለሽ ናቸው። በሰያፍ ብርሃን ሲታዩ ግን የዘይቱ ጠብታ በአንድ ጎኑ፣ የአየሩ አረፋ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ይበራሉ። የዘይት የስብረት መለኪያ 1.47 አካባቢ በመሆኑ ከውሃ ይበልጣል፤ ጠብታው ብርሃኑን ይሰበስባል። የአየሩ ደግሞ ከውሃ ስለሚያንስ አረፋው ብርሃኑን ይበትናል። ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ሳለ የብርሃንና የጨለማው አቀማመጥ የተገለበጠው በዚህ ነው።

የማዕድን ተመራማሪዎች ይህን ባሕርይ ለመለኪያነት ተጠቅመውበታል። የተፈጨ ማዕድን የስብረት መለኪያው በታወቀ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም በካርድ ወይም በጣት የብርሃኑ አንድ ወገን ይከለላል። የቅንጣቶቹ ጥቁር ጎን ወደ ካርዱ ወይም ከካርዱ ራቅ ብሎ መገኘቱ ማዕድኑ ከፈሳሹ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ይናገራል። ፈሳሹን እየቀያየሩ ጥላው የሚጠፋበትን በማግኘት የማዕድኑ መለኪያ ይታወቃል።

አቤና የዳያቶም መስመሮች

ሰያፍ ብርሃን ከኮንትራስት በተጨማሪ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጥቃቅን ነገሮችን ለይቶ የማሳየት አቅምን በአንድ አቅጣጫ እስከ ሌንሱ ወሰን ድረስ ያደርሳል። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የማይክሮስኮፕ ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ በልምድ ደርሰውበት ነበር። በዘመኑ የሌንስ ጥራት የሚፈተነው በዳያቶሞች ነበር። ዳያቶም በባሕርና በሐይቅ የሚኖር ባለአንድ ሕዋስ አልጌ ሲሆን፣ ቅርፊቱ ከሲሊካ የተሠራና እጅግ በተቀራረቡ የነጥብ መስመሮች የተሞላ ነው። በዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚመልሰው መስተዋት ከሥር በሚዞር ክንድ ላይ ስለተሰቀለ ወደ ጎን ሳብ ተደርጎ ብርሃኑ እንዲያዘነብል ይደረግ ነበር፤ በቀጥተኛ ብርሃን ለስላሳ መስሎ የታየው ቅርፊትም መስመሮቹን ያወጣ ነበር።

ምክንያቱን ያስረዳው በጀርመን ጄና ከተማ ከማይክሮስኮፕ ሠሪው ካርል ዛይስ ጋር ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ ነው። አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ጥቃቅን መስመሮች ያሉት ነገር ብርሃን ሲያልፍበት ብርሃኑን ወደ ብዙ ጨረሮች ይከፍለዋል፤ አንዱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ሌሎቹ ከግራና ከቀኝ ይዘረጋሉ። መስመሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር የጎን ጨረሮቹ ይበልጥ ይራራቃሉ። መስመሮቹ በምስሉ ላይ እንዲታዩ ቀጥተኛው ጨረርና ቢያንስ አንድ የጎን ጨረር አብረው ወደ ኦብጀክቲቩ መግባት አለባቸው። ቀጥተኛው ጨረር ብቻ ከገባ መስኩ ይበራል እንጂ መስመር አይታይም።

ብርሃኑ በጠባብ ጨረር ከመሃል ሲመጣ ቀጥተኛው ጨረር የኦብጀክቲቩን መሃል ይይዛል፤ የጎን ጨረሮቹ ለመዘርጋት የሚኖራቸው ቦታ የአፉ ግማሽ ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲያዘነብል ግን ቀጥተኛው ጨረር ወደ አንድ ጠርዝ ይጠጋል፤ አንደኛው የጎን ጨረር በተቃራኒው ወገን ሙሉውን ስፋት ያገኛል። በሒሳብ ሲገለጽ፣ በጠባብ ቀጥተኛ ብርሃን ሊለይ የሚችለው ትንሹ ርቀት የሞገዱ ርዝመት ለኒውሜሪካል አፐርቸሩ ሲካፈል የሚገኘው ሲሆን፣ በሰያፍ ብርሃን የዚያ ግማሽ ይሆናል።

አኃዙን በአንድ ዳያቶም ላይ መፈተሽ ይቻላል። ፕሉሮሲግማ አንጉላተም የተባለው ዳያቶም በ10 ማይክሮሜትር ውስጥ 20 ያህል መስመሮች አሉት፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በ0.65 ኦብጀክቲቭና በ550 ናኖሜትር ብርሃን፣ ዲያፍራሙ እጅግ ጠቦ ብርሃኑ ከመሃል ሲመጣ የመለየት ወሰኑ 0.85 ማይክሮሜትር ያህል ስለሚሆን ቅርፊቱ ለስላሳ ይመስላል። በሰያፍ ብርሃን ወሰኑ ወደ 0.42 ይወርዳል፤ መስመሮቹም ይታያሉ። የዚህ ዳያቶም መስመሮች በሦስት አቅጣጫ የተሰመሩ ናቸው። ከአንድ ጎን የሚመጣ ብርሃን ጎልቶ የሚያወጣው አቅጣጫውን የሚያቋርጡትን መስመሮች ነው፤ ብርሃኑን ወይም ስላይዱን በማዞር ሌሎቹ ተራ በተራ ይወጣሉ። ከዚህም የረቀቀው አምፊፕሉራ ፔሉሲዳ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.25 ማይክሮሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ በዘይት የሚሠራ ጥሩ ኦብጀክቲቭና በጥንቃቄ የተስተካከለ ሰያፍ ብርሃን ይጠይቃል።

የአቤ ማብራሪያ ስለ ኮንትራስቱም ይናገራል። ብርሃን በሚያሳልፍ ናሙና ላይ የግራና የቀኝ ጨረሮች ሁለቱም ሲገቡ የሚያመጡት የብሩህነት ለውጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ናሙናው የሚሰወረውም በዚህ ነው። በሰያፍ ብርሃን አንደኛው ወገን ስለሚቀር ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ለውጡም ይታያል። አውጉስት ተፕለር እ.ኤ.አ. በ1864 በመስታወት ውስጥ ያለን ጉድለትና በአየር ውስጥ ያለን የሙቀት ሞገድ ለማየት ያቀረበው ዘዴ ላይም ያለው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ስለታም ጠርዝ ከታጠፈው ብርሃን አንዱን ወገን ይከለክላል። አቤ ለማይክሮስኮፕ የነደፈው ኮንደንሰርም ዲያፍራሙን ከመሃል ወደ ጎን የሚያስኬድና ዙሪያውን የሚያዞር ጥርስ ነበረው፤ ሰያፍ ብርሃን በእጅ ብልሃት ከሚገኝ ነገር ወደ መሣሪያው የራሱ አካልነት ተሸጋገረ።

በተራ ማይክሮስኮፕ ላይ አሠራሩ

ሰያፍ ብርሃን ለማግኘት አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። መጀመሪያ ማይክሮስኮፑ በተለመደው መንገድ ይስተካከላል። ብርሃኑ እኩል እንዲሠራጭ የሚያደርገውን አሠራር አውጉስት ኮለር እ.ኤ.አ. በ1893 አቅርቦታል፤ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ በዚያው ማስተካከል ይመረጣል። ናሙናው በቀጥተኛ ብርሃን ጥርት ብሎ ከተገኘ በኋላ ዲያፍራሙ በሰፊው ይከፈታል፤ ከዚያም ከኮንደንሰሩ ሥር ባለው የማጣሪያ ማስቀመጫ ላይ ከጥቁር ወፍራም ወረቀት የተቆረጠ መከለያ ይገባል። መከለያው ከጎን ቀስ እየተባለ ሲገፋ ብርሃኑ እየቀነሰ፣ ናሙናው ደግሞ ጥላ እያወጣ ይሄዳል።

መከለያው የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከኮንደንሰሩ ዲያፍራም አጠገብ ከሆነ የብርሃኑን ማዕዘን ይመርጣል፤ መስኩም ከዳር እስከ ዳር በተመጣጠነ መልክ ይደበዝዛል። ከታች የአምፖሉ ብርሃን በሚወጣበት መስታወት ላይ ከተቀመጠ ግን ማዕዘኑ ሳይሆን የሚታየው ቦታ ራሱ ይከለላል፤ ውጤቱም ግማሽ ጨለማ፣ ግማሽ ብሩህ መስክ ብቻ ነው። ሰያፍ ብርሃንን ሞክረው ምንም ያላገኙበት ሰዎች ስሕተታቸው ይህ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የዓይን ሌንሱን አውጥቶ በቱቦው ውስጥ ወደ ታች ማየት ይበቃል። ከታች የሚታየው ብሩህ ክብ የኦብጀክቲቩ ጀርባ ነው። ሰያፍ ብርሃን ሲሠራ ክቡ በሙሉ አይበራም፤ በአንድ ጠርዝ በኩል የማጭድ ቅርጽ ያለው ብርሃን ብቻ ይቀራል። ማጭዱ ወፍራም ከሆነ ኮንትራስቱ ለስላሳ፣ ብርሃኑም ብዙ ይሆናል፤ ሲቀጥን ጥላው ይጠነክራል፤ ከክቡ ጠርዝ ጨርሶ ከወጣ ምስሉ ወደ ጨለማ መስክ ይለወጣል። ቀጭን ቀዳዳ ባለው መከለያ ፈንታ የማጭድ ቅርጽ ያለው ክፍተት የሚመረጠው ብርሃን ስለሚቆጥብና በየጠርዙ የሚፈጠሩትን የሐሰት ቀለበቶች ስለሚቀንስ ነው።

ኦብጀክቲቩ በተቀየረ ቁጥር መከለያው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ለ10 ኦብጀክቲቭ ጠርዝ የነበረው ማዕዘን ለ40 ኦብጀክቲቭ ከመሃል ብዙም አይርቅም። በዘይት በሚሠራው የ100 ኦብጀክቲቭ ላይ ሥራው ይከብዳል፤ ከኮንደንሰሩ የሚወጣው ብርሃን በስላይዱና በኮንደንሰሩ መካከል ባለው አየር ምክንያት ከ1 በላይ ወዳለው አፐርቸር ሊደርስ አይችልም። ሙሉውን አቅም ለማግኘት በኮንደንሰሩና በስላይዱ መካከልም ዘይት ያስፈልጋል። ለሌሎች የኮንትራስት ዘዴዎች የሚያገለግሉ የተለያዩ ቀለበቶችን በተሽከርካሪ ሳህን ላይ የያዘ ኮንደንሰር ያለው ማይክሮስኮፕ ደግሞ ሳህኑን በከፊል በማዞር ብቻ ያለ መከለያ ሰያፍ ብርሃን ይሰጣል።

ውጤቱ በተለይ በሚንቀሳቀሱ ነገሮች ላይ ያስደስታል። በኩሬ ውሃ ውስጥ ያለ ፓራሚሲየም በቀጥተኛ ብርሃን ግራጫ ጥላ ሆኖ ያልፋል፤ በሰያፍ ብርሃን ግን በገላው ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ሲርገበገቡ፣ ውሃ የሚያስወጣው ከረጢት ሲሞላና ሲኮማተር፣ የበላቸው ቅንጣቶች ሲዞሩ ይለያሉ። ከጉንጭ ውስጥ ተፍቆ የተወሰደ ሕዋስ ኒውክሊየሱ ጉብ ብሎ፣ እጥፋቶቹ ተሰልፈው ይወጣሉ። በሰገራ ምርመራ ውስጥም ያልተቀለሙ የጃርዲያና የአሜባ ዓይነት ጥገኞች የሚፈለጉት በጨው ውሃ ጠብታ ውስጥ በመሆኑ፣ ቀለም የሌለውን ጠርዝ ከውሃው የሚለይ ማንኛውም ዘዴ ሥራውን ያቀልላል።

ከአንድ ሥር የወጡ ዘዴዎች

የብርሃንን ማዕዘን የመምረጥ ሐሳብ ብዙ ዘዴዎችን አፍርቷል። ጨለማ መስክ ሰያፍ ብርሃን ከወሰኑ አልፎ ከዙሪያው ሁሉ ሲመጣ የሚገኝ ነው። የቂጥኝ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1905 ከተለየ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከቁስል በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ በሕይወት እያለ የታየው በጨለማ መስክ ነው፤ ባክቴሪያው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በብሩህ መስክ አይታይም። በኢትዮጵያ በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣው ቦሬሊያም ቅርጹ ጠምዛዛ ሲሆን፣ በትኩስ የደም ጠብታ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በጨለማ መስክ ሊታይ ይችላል።

ሲደንቶፍና ዚግሞንዲ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት አልትራማይክሮስኮፕ ብርሃኑን በቀጥታ ከጎን፣ በ90 ዲግሪ ያስገባ ነበር፤ በመስታወት ውስጥ የተበተኑ፣ ከመለየት ወሰን በታች የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች የብርሃን ነጥብ ሆነው ታዩበት። ዚግሞንዲ እ.ኤ.አ. የ1925ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ጁሊየስ ራይንበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 መሃሉና ዙሪያው የተለያየ ቀለም ያለው ማጣሪያ በኮንደንሰሩ ሥር በማስቀመጥ፣ ናሙናውን ሳይቀልም በአንድ ቀለም፣ መስኩን በሌላ ቀለም አሳይቷል።

የሞገድ መዘግየትን ወደ ብርሃንና ጨለማ የለወጡት ውድ መሣሪያዎች ከዚህ በኋላ መጡ። ኔዘርላንዳዊው ፍሪትስ ዘርኒከ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፌዝ ኮንትራስትን አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1953ም የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዦርዥ ኖማርስኪ ፖላራይዝድ ብርሃንና ልዩ ፕሪዝሞችን በመጠቀም፣ ከሰያፍ ብርሃን ጋር የሚመሳሰል ባለጥላ ምስል እጅግ በጠራ ሁኔታ አስገኘ። ሮበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው ዘዴ በቀጥታ የሰያፍ ብርሃን ልጅ ነው፤ በኮንደንሰሩ ውስጥ ከመሃል የወጣ ስንጥቅ፣ በኦብጀክቲቩ ጀርባ ደግሞ ጥቁር፣ ግራጫና ግልጽ ክፍሎች ያሉት ማጣሪያ ይቀመጣሉ። የኖማርስኪ ዘዴ በፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲበላሽ የሆፍማኑ ግን ስለማይበላሽ፣ እንቁላልና የወንድ ዘር በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ በሚዋሐዱባቸው የመካንነት ሕክምና ላቦራቶሪዎች በሰፊው ያገለግላል።

ብርሃን በማያሳልፉ ነገሮች ላይም ማዘንበል ይሠራል፤ እዚህ ግን እውነተኛ ጥላ ይፈጠራል። በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ሥር ያለ የነፍሳት ክንፍ፣ ሳንቲም ወይም የብረት ስብራት ዙሪያውን በሚያበራ ቀለበት መብራት ሲታይ ጠፍጣፋ ይመስላል። መብራቱ ከአንድ ጎን ዝቅ ተደርጎ ሲበራ ጭረቱና ጉድጓዱ ይወጣል።

ወሰኖቹ

የሰያፍ ብርሃን ትልቁ ወሰን አቅጣጫው ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚመጣ ብርሃን የሚያጎላው በዚያ አቅጣጫ የሚወጡና የሚወርዱ ተዳፋቶችን ነው፤ ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆኑ መስመሮች ደብዝዘው ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ምስል ብቻ አይቶ በናሙናው ላይ መስመር የለም ማለት አይቻልም፤ ስላይዱ ወይም መከለያው 90 ዲግሪ ዞሮ እንደገና መታየት አለበት።

ሁለተኛው ወሰን የጥላው አሻሚነት ነው። ጉብታና ጉድጓድ የሚለዩት ተመልካቹ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሲያውቅ ነው፤ ሰው ደግሞ ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ማሰብ ስለሚቀናው ምስሉ ሲገለበጥ ጉብታው ጉድጓድ ሆኖ ይታየዋል። እንደ ዘይቱና እንደ አረፋው የስብረት መለኪያ ልዩነትም ጥላውን ይገለብጠዋል። ምስሉ ከፍታ ያለው ቢመስልም ከፍታ ሊለካበት አይችልም። በተጨማሪም ወፍራም ናሙና ከላይና ከታች ያሉ ጥላዎቹን ስለሚያደራርብ ምስሉ ይወሳሰባል፤ ከቨር ስሊፕ የሌለው የውሃ ጠብታም የራሱ ጉብ ያለ ገጽ ብርሃኑን ስለሚያጥፈው የተስተካከለውን ማዕዘን ያበላሻል።

ከእነዚህ ወሰኖች አንዳንዶቹን ኮምፒዩተር አቃልሏቸዋል። በኮንደንሰር ፈንታ በርካታ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ያሉበት ሰሌዳ ከናሙናው ሥር ይቀመጣል፤ መብራቶቹ በተለያየ ወገን ሲበሩ ብርሃኑ ምንም የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖር ያዘነብላል። የግራው ግማሽ በርቶ አንድ ፎቶ፣ የቀኙ ግማሽ በርቶ ሌላ ፎቶ ይነሣል፤ የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ከናሙናው የብርሃን መምጠጥ የጸዳ የተዳፋት ካርታ ይገኛል። የላይና የታች ጥንድ ሲጨመር የአቅጣጫው አድልዎ ይቀንሳል፤ ከሁለቱ ካርታዎችም የሞገዱን መዘግየት በቁጥር ማስላት ይቻላል። በአሜሪካ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ሐሳቡን የበለጠ አራምደውታል፤ መብራቶቹን አንድ በአንድ እያበሩ፣ ከኦብጀክቲቩ ወሰን ውጭ ካለ ማዕዘን ጭምር፣ ብዙ ፎቶዎች አንሥተው በስሌት በማዋሐድ፣ አነስተኛ ኦብጀክቲቭ ከሚሰጠው ሰፊ መስክ ላይ ከራሱ ወሰን የላቀ ጥራት ያለው ምስል አግኝተዋል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሚፈጸመው ግን አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ያስረዳው ነገር ነው፤ ብርሃኑ ሲያዘነብል ቀድሞ ከሌንሱ ውጭ ይቀር የነበረው የጎን ጨረር ወደ ሌንሱ ይገባል።